የአያ ጅቦ ጠባብ ጃንጥላ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ከገደል በጃንጥላ መውረድ በጀመሩበት ዘመን፣ አያ ጅቦ የሚባል ሆዱ ሰፊ፣ ሐሳቡ ጠባብ የሆነ ዘላይ ነበር።

ነገሩን ያመጣው ነፋስ ነው። ደጋው ጫፍ ላይ ሰፍረው የነበሩ ነጋዴዎች ድንኳናቸውን ዐውሎ ነፋስ ነጠቃቸው። የድንኳኑን ጫፍ ይዛ ስትጫወት የነበረች ጦጣ ከሸራው ጋር አብራ ተነሥታ፣ ገደሉን ቁልቁል ተንሳፍፋ፣ ቆላው ሜዳ ላይ ምንም ሳትሆን ቁጭ ስትል ታየች። ከዚያ ወዲህ ጠመዝማዛውን የእግር መንገድ ይዞ ቀኑን ሙሉ እየተንከራተቱ ቆላ መውረድ የሰነፍ ሥራ ተባለ። እመት ቀበሮ ያን ሸራ እየቀደደች ለየፈላጊው ጃንጥላ ሰፋች፤ ገመድ አበጀችለት፣ ማንገቻ አደረገችለት፣ አጣጥፋም በስልቻ ከተተችው። ዘላዩ ስልቻውን በጀርባው አዝሎ ከአፋፉ ይወረወራል፤ ገመዱን ሲስብ ጨርቁ ተዘርግቶ ነፋስ ይጠጣና እያንሳፈፈ ቆላ ያወርደዋል። በስልቻው ጎን ደግሞ ሌላ ትንሽ ጃንጥላ ይቀመጣል። የመጀመሪያው እምቢ ካለ ነፍስ የሚያተርፍ መጠባበቂያ ነው።

አያ ጅቦ ለምን እንደሚዘል ማንም አይጠይቀውም፤ ይታወቃል። ቆላው ሐሩር ነው፣ ከብት ይሞታል። ቀድሞ የደረሰ ሥጋውን ያገኛል፣ ዘግይቶ የደረሰ አጥንቱን ይግጣል። ጥንብ አንሣ ደግሞ ጃንጥላ የሰፋለት ሳይፈልግ ከሁሉ ቀድሞ ይገኛል። ስለዚህ የአያ ጅቦ ሐሳብ ሁሉ ቶሎ መድረስ ነበር።

እመት አህያ የምትዘለው በሌላ ምክንያት ነው። ያን የእግር መንገድ ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት ተሸክማ ወጥታ ወርዳዋለች፤ ቁልቁለቱን እንኳ ጉልበቴን ላሳርፈው ብላ ነው ወደ አፋፉ የመጣችው። ጃንጥላዋ አውድማ የሚያህል ነበር። አህያ ከጅብ አጠገብ እንዴት ትቀመጣለች የሚል ቢኖር፣ ዘላዮቹ አንድ ስምምነት ነበራቸው፦ አብረው የዘለሉ አይበላሉም። አያ ጅቦም ስምምነቱን ያከብራል። ጠዋት ጠዋት ጎን ጎኗን እያየ፣ ምራቁን እየዋጠ ያከብራል።

ነፋሱ እስኪነሣ ድረስ ዘላዮቹ አፋፉ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ወሬው ሁልጊዜ ከገመድ ይጀምራል። የቃጫ ገመድ ይሻላል የሚል አለ፣ የፍየል ጠጉር የሚል አለ፤ በዚሁ ምክንያት ተኳርፈው ሰላምታ የተነፋፈጉም ነበሩ። ከገመድ ወደ ማንገቻ፣ ከማንገቻ ወደ አስተጣጠፍ ይሻገራሉ። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ግን ወሬው ጃንጥላውን ትቶ አገር ማስተዳደር ይገባል። ሣሩ መቼ ይቃጠል፣ የጨው አፈሩን ማን ቀድሞ ይላስ፣ የቆላው ኩሬ በምን ሥርዓት ይጠጣ፣ ሁሉም እዚያ ተቀምጠው ይወስናሉ። በዚህ አያ ጅቦን የሚስተካከለው አልነበረም። ከላይ ያየ ሁሉን ያየ ብሎ ያምናል። እውነትም ከሰማይ ሲታዩ ኩሬው ዳር የቆሙት እንስሳት ጉንዳን ያክላሉ፤ ግፊያው አይታይም፣ ጥማቱም አይሰማም። ጉንዳን ማስተዳደር ደግሞ ለአያ ጅቦ ከባድ ነገር አልመሰለውም።

አንድ ጠዋት እመት ቀበሮ አጠገቡ መጥታ ቁጭ አለች።

«አያ ጅቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን የሚያህል ጃንጥላ ለእርስዎ አይገባም» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምን ሆነ?»

«ሰፊ ጃንጥላ ነፋስ ያቅፍና ያዘገያል። እርስዎ ገና አየር ላይ ሲንሳፈፉ ጥንብ አንሣ ጉበቱን ጨርሶ አፉን ይጠርጋል። ዳር ዳሩን ብቀንስልዎ ቶሎ ይደርሳሉ። ደግሞ ሰፊ ጃንጥላ የፈሪ ነው ይባላል። እኔ አላልኩም፤ ይባላል።»

አያ ጅቦ የእመት አህያን ጃንጥላ ዞር ብሎ አየው። ከዚያ የራሱን አየ። በመልክ ይለያያሉ እንጂ በስፋት እኩል መሆናቸው እስከዚያ ቀን ድረስ አልታሰበውም ነበር። አፈረና እንድትቀንስለት ስልቻውን ሰጣት።

በሚቀጥለው ዝላይ በእርግጥም ቀድሞ ደረሰ። ሲያርፍ ጉልበቱን ቆረጠመው፤ ግን አንዲት ጊደር ሞታ ስለነበር ጉበቷን ለብቻው በላ፣ ሕመሙንም ለማንም አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ቀንሺልኝ እያለ የሚለምናት እሱ ሆነ። እሷም ቁራጩን እኔ እጥለዋለሁ እያለች ትወስደዋለች። የሚገርመው የእሷ የራሷ ጃንጥላ ከወር ወር እየሰፋና እየተደረበ መሄዱ ነው። የጠየቃት ሲኖር፣ እኔማ ልቤ ደካማ ነው፣ እንደ አያ ጅቦ ጀግና አይደለሁም ትላለች። ይህን ሲሰማ አያ ጅቦ ያዝንላታል።

እንዲህ ሲሉ ቆይተው ጃርት እኔም ዘላይ ልሁን ብሎ መጣ። ማንም አልከለከለውም። ከአፋፉ ተወርውሮ ገመዱን ሲስብ ግን ጀርባው ላይ ያለው እሾህ ሁሉ ቆመና ጃንጥላውን ወንፊት አደረገው። ዕድል ሆኖ አንድ ግራር ላይ ወደቀና ተረፈ። ክፉ ዕድል ሆኖ ደግሞ ከዚያ ግራር ሥር የቀን እንቅልፉን የሚተኛው ንጉሡ አንበሳ ነበር። ጃርት ከቅርንጫፉ ላይ ሲያቃስት ዋለ፤ አንበሳም ዓይኑን ሳይከድን ዋለ።

ማታውን አዋጅ ወጣ። የዘላዩ ጃንጥላ ከሰውነቱ ክብደት ጋር ተመጣጥኖ ይለካ፤ መጠባበቂያ ያልያዘ አይዝለል፤ ስልቻም ሳይፈተሽ ከአፋፉ አይለፍ ተባለ። ለፍተሻውም ከርከሮ ዘበኛ ተደርጎ ተሾመ።

ከርከሮ በዕድሜው ከመሬት ተነሥቶ አያውቅም። ሥራውን ግን በትጋት ያዘው። በጥንቃቄ የታጠፈውን ጃንጥላ ሁሉ ከስልቻው እያወጣ ይዘረግፋል፣ በአፍንጫው ይቆፍረዋል፣ ከዚያ እንደ አሮጌ ቡትቶ ጠቅልሎ መልሶ ይጠቀጥቀዋል። ገመዱን አይቶ፣ ማንን ልታስርበት ነው ብሎ ይጠይቃል። የተጠላለፈ ገመድ መቁረጫ የሚያዝ ትንሽ ስለት ነበረች፤ ስለት አያልፍም ብሎ ያቺን ነጠቀ። አያ ጅቦ የከርከሮን ሁለት ቀንድ የመሰለ ጥርስ አይቶ፣ እነዚህስ ስለት አይደሉም ወይ ቢለው፣ እነዚህ የመንግሥት ናቸው አለው።

ዘላዮቹ አበዱ። እንዲህ ያለ ውርደት አይተን አናውቅም አሉ። እመት አህያ ብቻ ነገሩን ለየብቻ እንየው አለች። ፍተሻው ጃንጥላን በማያውቅ እጅ መሆኑ ከፍተሻ ይልቅ አደጋ ነው፤ ይህን እንንገራቸው። የጃንጥላው ልክና መጠባበቂያው ግን የሚጠቅመን ስለሆነ ይቆይ ብላ ለማስረዳት ሞከረች። አያ ጅቦ ግን ግማሽ መጠየቅ ልመና ነው አላት። ሁሉም ይሻር፣ ዘላይ ራሱን ያውቃል ሲል ጉባኤው አጨበጨበ። ድምፁም ከሁሉ የጎላ ስለነበር ንጉሡ ፊት ቀርቦ እንዲናገርላቸው እሱን መረጡት።

ንጉሡ ከግራሩ ሥር ተጋድሞ ተቀበላቸው። ጃርት ድኖ ሄዷል፤ አንበሳ ግን የዚያን ቀን እንቅልፍ ዕዳ ገና የሚከፍል ይመስል ነበር።

«ጌታዬ» አለ አያ ጅቦ፣ «ጃንጥላው የእኔ ነው፤ የሚሰበረውም አጥንት የእኔ ነው። ሌላው ምን አግብቶት ይለካኛል?»

ቀጥሎም ስለ ነፃነት ብዙ ተናገረ። ሲናገር ራሱን በራሱ እያስደነቀው ሄደ፤ ይህን ሁሉ ቃል ከየት አመጣሁት እስኪል ድረስ። አንበሳ እያዛጋ ሰማው። ሲጨርስ፣ እናንተ ዘላዮች ከላይ ሆናችሁ ሁሉን ታያላችሁ ይባላል፤ የኩሬው ዳር ግፊያ አስቸግሮኛልና እስቲ ምን ላድርገው ብሎ ጠየቀው።

አያ ጅቦ ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው ኖሯል። ደረቱ ተነፋ። ሁሉም ይሰለፍ አለ። ኩሬው ዳር መተኛት፣ መንበርከክ፣ መንፏቀቅ ይከልከል፤ የተጋደመ ወይ ሰነፍ ነው ወይ አድፋጭ ነው። በአራት እግሩ መቆም የማይችል ደግሞ በሽተኛ ሊሆን ስለሚችል ውኃውን እንዳይመርዝ ይራቅ። ዘበኛ ይቁም፤ ዘበኛውም ምክንያት የማይሰማ ይሁን፤ ምክንያት መስማት ከተጀመረ ሥርዓት አለቀ።

«ሕጉ ለሁሉ ነው?» አለ አንበሳ።

«ለሁሉ ነው ጌታዬ» አለ አያ ጅቦ። ሁሉ ሲል ሚዳቋዎችን ማለቱ ነበር።

አንበሳ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። የአፋፉ አዋጅ ተሽሯል፤ የኩሬው ሕግ አያ ጅቦ እንዳለው ይሁን፤ ከርከሮም ሥራ እንዳይፈታ ከአፋፉ ወደ ኩሬው ይዛወር አለ። እመት አህያ የምትናገረው ነበራት። አፏን ስትከፍት ግን ንጉሡ ዓይኑን ከድኗል።

ዘላዮቹ አያ ጅቦን እያሞገሱት ተመለሱ። እመት ቀበሮም፣ እንግዲህ የሚለካዎ የለም ብላ መቀሷን አወጣች። ያን ዕለት ቀንሳ ስትጨርስ ጃንጥላው ከሻሽ ብዙም አይበልጥም ነበር።

ጥቂት ሰንብቶ ቆላ ውስጥ አንድ በሬ ሞተ። ከኩሬው ማዶ ተጋድሞ፣ ሆዱ ተነፍቶ ከአፋፉ ላይ ይታያል። ጥንብ አንሣዎች ገና ከሩቅ እየተጠራሩ ነው። አያ ጅቦ እንዳየው ወዲያው ስልቻውን አዝሎ ሊወረወር ሲል አንድ ሐሳብ መጣለት፦ በሬውን ሁሉ በአንድ ቀን አይጨርሰውም፤ የተረፈውን ደግሞ ለቀበሮ መተው የለበትም። ስለዚህ መጠባበቂያውን ከስልቻው አውጥቶ ሣር ላይ ጣለው። ቦታው ለሥጋ ይሆናል።

እመት አህያ የተጣለውን ጨርቅ አነሣችና ይዛ ቀረበችው። በደህናው ቀን ይህን ያህል አትቀርበውም።

«አያ ጅቦ፣ አዋጁ ቢሻር መሬቱ አልተሻረም» አለችው። «ይህቺን እንኳ ይያዙ።»

«አንቺ ጭነት ለምደሽ ነው» አላት። «ነፃነት ምን እንደሆነ አይገባሽም።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ አበው። እመት አህያ ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠችው፤ እሱም ተወረወረ።

መጀመሪያ ደስ አለው። ነፋሱ ከጆሮው አጠገብ ያፏጫል፤ ጥንብ አንሣዎቹን አንድ በአንድ እያለፈ ቁልቁል ሲሄድ ዞር ብለው አዩት። ገመዱን ሳበ። ጃንጥላው ተዘረጋ፤ እንደ መሐረብ ተርገበገበ እንጂ አልያዘውም። አያ ጅቦ ፍጥነቱ የሚቀንስበትን ጊዜ ጠበቀ። ጉንዳን ያክሉ የነበሩት እንስሳት ፍየል አከሉ። ከዚያ ፊታቸው ታየ፤ አንዲት ሚዳቋ ቀና ብላ አየችውና ከሰልፉ ወጥታ ዘወር አለች። እጁን ወደ መጠባበቂያው ሰደደ። ያገኘው ባዶ ስልቻ ነው።

የወደቀው ከኩሬው ወዲህ፣ ፀሐይ ሰነጣጥቃ ድንጋይ ያደረገችው ጭቃ ላይ ነበር። የኋላ እግሩ ከዳሌው ላይ ቀጭ ሲል ራሱ ሰማው። ዓይኑን ሲገልጥ በሬው ማዶ ተጋድሟል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ በሬው ማዶ መሆኑ ልቡን ሰበረው።

እመት ቀበሮ በሰፊው ጃንጥላዋ እየተንሳፈፈች መጥታ አጠገቡ ኮሽ ሳትል አረፈች። የጃንጥላዋ ዳርቻ ላይ የተሰፋው ጨርቅ የሚያውቀው ጨርቅ መሰለው፤ ሕመሙ ግን አላሳስብ አለው። እግዜር ይማርዎ አለችው። ሥጋው እንዳይበላሽ ሄጄ ልጠብቅልዎ ብላም ኩሬውን ዞራ ሄደች።

ፀሐይዋ እየከረረች መጣች። የአያ ጅቦ ምላስ ደርቆ ከላንቃው ጋር ተጣበቀ። በፊት እግሮቹ እየተጎተተ ኩሬው ዳር ሲደርስ የከርከሮ ኮቴ ፊቱ ቆመ።

«ተነሥና በአራት እግርህ ቁም» አለው።

«ተሰብሬ ነው፣ አልችልም።»

«መቆም ያልቻለ ከውኃው ይራቅ ይላል ሕጉ።»

«ትንሽ ብቻ ልጠጣ፤ የሆንኩትን ብነግርህ እኮ...»

«ምክንያት አልሰማም።»

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ አያ ጅቦ።

«እንግዲያው ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ» አለው ከርከሮ፣ በክፋት ሳይሆን እንዲያው በእውነት። ወደ ኋላም ገፋ አደረገው።

ሰልፉ ላይ ያሉት እንስሳት አንዳቸውም አልሳቁም። አንካሳም ቢሆን ጅብ ጅብ ነው ብለው ትንሽ ራቅ ብቻ አሉ። አያ ጅቦ ውኃውን ከጥቂት እርምጃ በማይበልጥ ርቀት እያየ ተጋደመ። ውኃ ሽታ እንዳለው እስከዚያ ቀን ድረስ አያውቅም ነበር።

እመት አህያ ዘግይታ ደረሰች፤ ሰፊ ጃንጥላ ያዘገያል። አርፋ ጨርቋን ስትሰበስብ አየችው። ቆም አለች። አብረው የዘለሉ አይበላሉም የተባለው አየር ላይ ላለ ነው ወይስ መሬት ላይም ይሠራል፣ ይህን የጠየቀ ማንም አልነበረም። ይህን እያሰበች ሄዳ ከሰልፉ ጭራ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ ጠጣች፤ ከዚያ ያን አውድማ የሚያህል ጃንጥላዋን ኩሬው ውስጥ ነክራ፣ ውኃ የጠጣውን ጨርቅ በጥርሷ እየጎተተች መጥታ አፉ ላይ ጨመቀችለት። ከርከሮ ሊከለክላት ተነሥቶ ነበር፤ ሕጉ ስለ እርጥብ ጨርቅ ምንም እንደማይል ሲያስታውስ ተመልሶ ቆመ።

አያ ጅቦ ጠጣ። የምታጠጣው ጠዋት ጠዋት ምራቁን እየዋጠ የሚያያት አህያ መሆኗ ሲገባው፣ ስም የሌለው አንድ ነገር ደረቱን ጫነው። ይህ ነገር ጉሮሮው እስኪርስ ድረስ ቆይቶ ሄደ።

እግሩ ብዙ ጊዜ ወስዶ ዳነ፤ እንደ ቀድሞው ግን አልሆነም። ሰዎች ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል ይላሉ፤ ዘመዶቹም ተንኮል ነው ቢባልላቸው ይመርጣሉ። እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ማነከስ ከጀመረ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፋፉ ሲመጣ ዘላዮቹ ሁሉ ተነሥተው ቦታ ለቀቁለት። ምን እንደሚል ለመስማት ጓጉተዋል። እመት አህያም ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። የጃንጥላው ልክ ይመለስ ይላል ብላ ነው። አንዳንዶቹማ ከአሁኑ የየራሳቸውን ጃንጥላ ዳርቻ በዓይናቸው መለካት ጀምረው ነበር።

አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገ። ተኝቼ በነበርኩበት ጊዜ ነገሩን በጥልቅ መርምሬዋለሁ አለ። ጃንጥላዬ እንከን የለበትም፤ እስከ መጨረሻው ከእኔ አልተለየም። መጠባበቂያውም ቢሆን እዚህ በደኅና ተቀምጦ ጠብቆኛል። ጥፋቱ የመሬቱ ነው። መሬቱ ከልክ በላይ ጠጣር ነው፤ ይህንንም እስከ ዛሬ ማንም ባለሥልጣን ዞር ብሎ አላየውም። ስለዚህ ንጉሡ ዘንድ ቀርበን ቆላው ሜዳ በሙሉ ጭድ እንዲነጠፍበት አዋጅ እናስወጣለን አለ። ጭዱን ማን ያጓጉዛል የሚል ጥያቄ እንኳ ሳይነሣ፣ ይህን አህዮች ስለለመዱት አይከብዳቸውም ብሎ ጨመረ።

እመት ቀበሮ ወዲያው እጇን አውጥታ ደገፈች። ጭድ ለጉድጓድም ምንጣፍ ይሆናልና።

እመት አህያ ተነሣች። ስልቻዋን አዘለች፣ ማንገቻውን አጠበቀች፣ ከአፋፉ ጫፍ ላይ ቆማ ዞር አለች።

«አያ ጅቦ፣ አገር ሁሉ ጭድ ከሚነጠፍልዎ እርስዎ ጃንጥላዎን ቢያሰፉት ይቀላል» አለችና ዘለለች።

አያ ጅቦ ጥቂት አሰበበት። ቀጥሎም አንገቱን ነቀነቀ፤ አህያ የሕዝብ ጉዳይ እንደማይገባት በሐዘን ለጓደኞቹ አስረዳ። ስብሰባውም የጤፍ ጭድ ይሻላል ወይስ የገብስ ወደሚለው ተሻገረ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለራሱ ልቅ፣ ለሌላው ጥብቅ ሕግ የሚሻ ሰው ወድቆ እንኳ ጥፋቱን ከመሬቱ እንጂ ከራሱ ላይ እንደማይፈልግ ነው።